የቫምፓየሯ ሙሽራ አልበም

ታኅሣሥ 17፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ፎቶ ላይ የልጄን የሰብለን ፀጉር ከግድግዳው እየለየሁ ነው። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ፀጉሯ ጥቅልል ነው፤ በየጥቅልሉ ውስጥ የላቦራቶሪው ነጭ ቀለም ይቀራል። በማውስ አንድ በአንድ እየለቀሙ ማውጣት ነው። እንደ ምስር ለቀማ።

መ/ቤት ሰው የለም። ሙቀቱ ሁሉንም በትኗል። የውሃ መስመሩ ንድፍ ተዘግቷል፤ አልበሙ ተከፍቷል። ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ነን፣ ደብተር።

ባለቤቴ ትናንት ምን እንደምሠራ ጠየቀች። አስረዳኋት። ድሮ ሰው ፎቶውን ደብተር ላይ ይለጥፍ ነበር፤ ዳር ዳሩን በአበባ፣ በጨርቅ ቁራጭ፣ በጽሑፍ ያስጌጥ ነበር። አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ነው። ወረቀቱም ሥዕል፣ ክሩም ሥዕል፣ አበባውም ሥዕል። አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ ብቻ። ዕድሜ ልኬን ካርታ የነደፍኩ ሰው ነኝ፤ መደራረብ አይቸግረኝም። እጅ ላይ ሙጫ የማይነካ የሙጫ ሥራ ነዋ አለች። ልክ ናት።

ጥር 18 ልጃችን ታገባለች። የሰርግ አልበሟ ጭብጥ ቫምፓየር ነው። ይህን ስትሰማ ባለቤቴ ድስቱን አስቀመጠች።

የኔ ሐሳብ አይደለም። የሙሽራዋ ነው። ሰብለ ደም ትቀዳለች። የወባ ምርመራ ክፍል ውስጥ አምስት ዓመቷ። ጠዋት ወደ ሰልፉ ስትወጣ ባልደረባዋ አሪየት፣ የአኝዋክ ልጅ ናት፣ ቫምፓየር መጣች፣ እጃችሁን ደብቁ ትላለች። በሽተኛው ይስቃል። ስሙ ተለጥፎ ቀረ። እጮኛዋ ደረጀ እንኳ ስልኩ ላይ የመዘገባት በዚሁ ስም ነው።

አንዲት የውጭ አገር ሴት ለዚህ ጭብጥ የሚሆነውን የሥዕል ዕቃ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቅቃዋለች። ጥቁርና ደም ቀለም ወረቀት። የሌሊት ወፍ። የተሰነጠቀ የመቃብር ድንጋይ። ጥርስ፣ በየልኩ። የደም ጠብታ፣ ዓይነቱ ብዙ። ጨረቃ። ካባ።

ካባውን ጣልኩት። የሙሽራ ካባ እኛም አለን። የወርቅ ጥልፉን እንዳለ ትቼ ጨርቁን ቀይ ጥቁር አደረግኩት። ከነሱ የተሻለ ሆነ። ይህን ማንም አይክደኝም።


ታኅሣሥ 19፣ ጠዋት

ማንጎው ሥር። መብራት የለም። ስለዚህ ዛሬ ንባብ፣ ከስልክ። ታሪኩን ሳያውቁ ጌጡን መደርደር አልወድም። ለምን ነጭ ሽንኩርት? ለምን መቃብር?

ያገኘሁት ይህን ነው። በምሥራቅ አውሮፓ ገጠር አንድ ሰው ይሞታል። ከዚያ ሚስቱ ትታመማለች። ከዚያ ልጁ። ከዚያ ጎረቤት። መንደሩ መጀመሪያ የሞተውን ይጠረጥራል፤ ከጉድጓዱ እየወጣ ደማችንን ይጠጣል ይላል። ይቆፍራሉ። ሬሳው አብጧል፣ አፉ ላይ ደም አለ። ሬሳ እንዲያ ይሆናል። እነሱ ግን ጠግቦ ነው አሉ። ደረቱ ላይ እንጨት ይተክላሉ። በር ላይ ነጭ ሽንኩርት ይሰቅላሉ። ደጃፍ ላይ የእህል ፍሬ ይበትናሉ፤ ሁሉንም ሳይቆጥር አያልፍም፣ ሲቆጥር ይነጋበታል። ሳይጋበዝ ቤት አይገባም። መስተዋት አያሳየውም።

ካባውና ያማረው ልብስ በኋላ የመጣ ነው። ሲኒማ ነው ያለበሰው። መጀመሪያ ገበሬ ነበር።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ምን እንደማነብ ጠየቀች፣ ነገርኳት። የፍሬውን ነገር ወደደችው። ማሽላ ነው ወይስ ስንዴ አለች። አላውቅም አልኩ። ማሽላ ከሆነ ደሃ አገር ነው፣ አይቆጥረውም፣ ይቆረጥመዋል አለች።

ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ስደርስ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ፀሐዩ ይመስለኛል።


ታኅሣሥ 24፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አለቀ። የመጀመሪያው ገጽ።

ሰብለ በካባ። በአንድ እጇ የደም መቅጃ ቱቦ። ከንፈሯ ሥር ሁለት ጥርስ፣ አጭር፣ ያልተጋነነ። ከኋላዋ የባሮ ድልድይ፣ በላዩ ጨረቃ። የሌሊት ወፎቹን ከዕቃው አልወሰድኩም፤ ማንጎው ላይ ያሉትን የራሳችንን ፎቶ አነሣሁ። ሥሩ ላይ ጽሑፍ፦ «ከክንድ ብቻ እወስዳለሁ።»

ለሰርግ ኮሚቴው የቴሌግራም ቡድን ላክሁት። የኛም ወገን፣ የወንዱም ወገን አለበት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ፣ እሳት፣ ጭብጨባ። አሪየት በድምፅ መልእክት ስቃ ስቃ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ ጥርሱን አሳንሰኸዋል፣ እሷ እኮ ሁለት ጊዜ ነው የምትወጋው።

እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ለአንተ ካልፎከርኩ ለማን እፎክራለሁ፣ ደብተር።


ታኅሣሥ 25፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ደረጀ ደወለ። አቦቦ ከተማ ላይ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ቃሉ ሁልጊዜ የተቆጠረ ነው። ዛሬ አልተቆጠረም።

አያቱ ፎቶውን በአባቱ ስልክ አይተውታል። እማማ ተዋበች ይባላሉ፤ ከአልጋ እምብዛም ስለማይነሡ ለሽምግልናው ጊዜ አላገኘናቸውም። የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁ። ስሜን ነገሯቸው። የእናቱስ ስም አሉ። እናኑ። ስልኩን በፊቱ ደፉት። የሸክላ ሠሪዋ ዘር ናት አሉ። ያኔ አያቷ ልጄን በላች፣ አሁን ይቺ ጥርሷን አውጥታ መጣች፣ እነሱው ራሳቸው ፎቶውን ላኩልን አሉ።

ቁጭ አልኩ።

ደብተር፣ ለአንተም ተናግሬው አላውቅም። በ1977 ከወሎ በጭነት መኪና ስንመጣ አሥር ዓመቴ ነበር። ከአቦቦ አጠገብ የሰፈራው መንደር አወረዱን። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። በኛ አገር ሸክላ ሠሪና ብረት ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል። መጀመሪያ ማንም ይህን አላነሣም። ውሃ መቅጃ ለማንም አልነበረም፤ ሁሉም የእናቴን እንስራ ፈለገ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ትኩሳቱ መጣ። ሕፃናት ሞቱ። እንስራ የሚገዛ ቀረ። እናቴ ስታልፍ ልጅ መሸፈን ተጀመረ፤ አንገቱ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይታሰርለታል። በሦስተኛው ዓመት ወደ ከተማ ሸሸን። ከዚያ ወዲህ ጭቃ ነክታ አታውቅም። በየቅጹ ላይ፣ የእናት ሥራ በሚለው ቦታ፣ የቤት እመቤት ብዬ እሞላለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሰባት ቤት ተቆጠረ። በአባቴ በኩል ቆጠርኩ። ሥራዋን ማንም አልጠየቀም። አልዋሸሁም። አልተናገርኩምም።

ነጭ ሽንኩርቱን ከስልክ አንብቤ ለገጽ አምስት ጌጥ አስቤው ነበር። ይህ ሁሉ አጠገቤ ተቀምጦ።


ጥር 1፣ ጠዋት 4 ሰዓት

በዓሉ እንዲያልፍ ጠብቀው መጡ። የአቶ ሙላት፣ የደረጀ አባት፣ ወዳጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ። ሻይ አልጠጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያትየው አልመርቅም ብለዋል። ያለ እናቱ ምርቃት አቶ ሙላት ድንኳን አይተክልም። ፎቶው ይጥፋ፤ ሰርጉ ወሬው እስኪበርድ ለከርሞ ይደር። ለከርሞ የሚያድር ሰርግ የሞተ ሰርግ ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ደረጀ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም ይላል። ሰብለ እምቢ አለች። ተደብቄ ካገባሁ እውነትም አለብኝ ማለት ነው አለች። አላለቀሰችም። ነጭ ገዋኗን ለብሳ ወደ ሥራ ሄደች።

ባለቤቴ አጥፋው አለችኝ። አጠፋሁት። ከቡድኑ ላይ፣ ለሁሉም። እጄ ፈጠነ። ካጠፋሁት በኋላ ነው ያፈርኩት።


ጥር 2፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከሥራ ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። አሳየኝ አለች። ምን አልኩ። ጥርሱን አለች።

ሁሉንም ሰምታለች። ቤታችን ግድግዳው ስስ ነው።

ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረግኩት። ሰብለን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ካባውን በጣቷ ነካችው። ይህ ቫምፓየር የምትለው ከሞተ በኋላ ነው የሚበላው አለች። አዎ አልኩ። እሱስ ታድሏል፣ እኔን በቁሜ ነው ያሉኝ አለች። ከዚያ ስንት ገጽ እንደሠራሁ ጠየቀች። ስድስት። ሌላውንም ተርክልኝ አለች፤ ማለቷ አንብብልኝ ነው። የመቃብሩን ገጽ፣ የፍሬውን ገጽ፣ የነጭ ሽንኩርቱን ገጽ። አንድም አልዘለልኩም።

ስጨርስ ነገ መኪናው ስንት ሰዓት ነው አለች።

የት?

ወደ ተዋበች ቤት። ኮምፒውተሩንም ያዝ። ልጅቷም ትምጣ።

ባለቤቴ ከማጀት ወጥታ ይባስ ይበላሻል አለች። እናቴ ዘወር ብላ ከዚህ የባሰ ምን አለሽ፣ ንገሪኝና ልፍራው አለቻት።


ጥር 3፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ተመልሰን

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ ከሾፌሩ ጎን፣ እኔና ሰብለ ከኋላ። ላፕቶፑ በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ። አቧራ። አቦቦ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ደረጀ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል።

የአቶ ሙላት ግቢ አጥሩ የቀርከሃ ነው። እማማ ተዋበች ማንጎ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው ደክሟል። አጠገባቸው አንድ ሳህን የበቆሎ ንፍሮ። እኛን ስታይ አንዲት ልጅ ሰፌድ ደፋችበት። ሁላችንም አየን።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ዱላዋን ተከለች። አቶ ሙላት ግቡ፣ ግቡ ይላል። እሱ አይደለም አለች፣ እሷ ትበለኝ።

«እናኑ፣ አልሞትሽም?» አሉ እማማ ተዋበች።

«ሞቼ ተነሥቼ ነው የመጣሁት። ፎቶውን አላየሽም?»

ደረጀ ሳል አስመስሎ ሳቀ። አባቱ አፈጠጠበት።

«ምን ትገተሪያለሽ ታዲያ?»

«ሳይጋበዝ አይገባም ብሎኛል ልጄ። ግቢ በይኝ።»

«ግቢ» አሉ።

ገባች። ሰፌዱን አየችና የሸፈነችውን ልጅ ጥሩ አደረግሽ ልጄ፣ እዚህ አገር ዝንቡ አያስበላም አለቻት። ልጅቱ መግቢያ አጣች።

ከዚያ አሳያት አለችኝ። አግዳሚው ላይ፣ በሁለቱ መካከል ላፕቶፑን ከፈትኩ። እማማ ተዋበች ፊታቸውን እስክሪኑ ላይ ሊያስነኩ ደረሱ። ይህ ደም ነው አሉ። ቀለም ነው አልኩ። ጥርሱስ? እኔ ነኝ የቀጠልኩት። እንግዲያስ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ልጅቷ ምን አደረገች አሉ። ሰብለ ቀና አለች።

የፈረንጁን ታሪክ ነገርኳቸው። የሚሞተውን፣ የሚቆፈረውን። መጀመሪያ ማን ነው የሚጠረጠረው አሉ። ቀድሞ የሞተው፣ ወይም የተጠላው፣ ወይም ብቻውን የሚኖረው። ምንድን ነበር የሚገድላቸው? የሳንባ በሽታ፣ ተስቦ። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ስደርስ ቆም በል አሉኝ። እነሱም? አዎ፣ በር ላይ፣ አንገት ላይ። እማማ ተዋበች ወደ ግቢው ዘወር አሉ። አንድ የሚድህ ሕፃን አለ፤ አንገቱ ላይ በክር የታሰረ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ምን እንዳለ ለመገመት መቅረብ አያስፈልግም፣ ይሸታል።

«አየሽ ተዋበች፣ ፈረንጁም እንዳንቺው ነው» አለች እናቴ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ድንገት፣ አንድ ጥርስ በቀረው አፍ። ከዚያ ሁላችንም። ከዚያ ሳቁ ቆመና ዋናው ነገር መጣ።

«ልጄን በላች ብለሻል አሉ» አለች እናቴ።

«ብያለሁ። ለሰው እንዲያ ነው የሚባለው። እኔ ግን ከቶ ብትበዪውም ይቅር ባልኩሽ። ምራቅሽን ነፈግሽኝ።»

ደብተር፣ ይህን ጉዳይ እኔ አላውቅም ነበር። ቡዳ በላው የተባለ ሰው ሲታመም፣ የተጠረጠረውን ሰው ለምነው እንትፍ ያስብሉታል። ከተፋበት ይድናል ይባላል። የተፋው ግን አመነ ማለት ነው። እማማ ተዋበች ያኔ የአራት ዓመት ልጃቸውን በዝናብ ተሸክመው እኛ ደጅ መጥተዋል። እናቴ እግር ላይ ወድቀዋል። እናቴ በር ዘግታለች።

«ብተፋበትና ቢድን፣ በላችው፣ ለቀቀችው ትይኛለሽ» አለች እናቴ። «ብተፋበትና ቢሞት፣ ዘግይታ ለቀቀችው ትይኛለሽ። የቱን ልምረጥ?»

«ልጄን ነዋ የምትመርጪ።»

እናቴ ዱላዋን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በር የዘጋሁት ልጄ አበባ ቤት ውስጥ ተኝታ ስለነበር ነው አለች። በዚያው ትኩሳት። በማግስቱ ሞተች።

አበባ ታናሼ ናት። ሦስት ዓመቷ ነበር።

«ያቺ የምትስቀዋ?»

«እሷ።»

«አልሰማሁም።»

«ለቅሶ አልመጣሽም። ማንም አልመጣም። የኔን ማን በላት ታዲያ፣ ተዋበች?»

ሰብለ ያኔ ነው ነገሩ ውስጥ የገባችው፤ የሥራዋ አመል ነው፣ ዝም ማለት አትችልም። ትኩሳቱ እንዴት ነበር አለች፣ ቀን አልፎ ቀን ይመጣል? ያንቀጠቅጣል? ሁለቱም በአንድ አፍ አዎ አሉ። ወባ ነው አለች።

እማማ ተዋበች እጃቸውን አወናጨፉ። «እሱንማ ካወቅሁት ስንት ዘመኔ፣ ልጄ።»

ከዚያ ተነሡ። ደረጀ ሊደግፋቸው ሲል ገፉት። እናቴ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እናኑ» አሉ። እናቴም ተነሣች። «አንቺንም ያጽናሽ።» አርባ ዓመት ዘግይቶ ለቅሶ ተደረሰ። ሁለቱ ተቀመጡ።

እማማ ተዋበች ደረጀን በእጃቸው ጠሩት። እናቴ ጉልበት ሥር አንበረከኩት።

«በይ አሁን እንትፍ በይበት።»

አቶ ሙላት ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ሆኜ ነው የምተፋበት?» አለች እናቴ።

«አያቱ ሆነሽ።»

እናቴ ሦስት ጊዜ መረቀችው። ውለድ፣ ክበድ፣ ዕድሜ እንደ ባሮ ይርዘምልህ። በየምርቃቱ እንትፍ። ቀጥሎ ሰብለ እማማ ተዋበች ፊት ተንበረከከች። አንቺም አትነፍጊ አለች እናቴ። አልነፈጉም። የልጄ ግንባር እስኪርስ።

ከንፍሮው ላይ ሰፌዱ ተነሣ። ማን እንዳነሣው አላየሁም። እናቴ ሦስት ጭብጥ በላች። ጨው አንሶታል አለች።


ጥር 4፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ሰርጉ ጥር 18 ነው። አቶ ሙላት በራሱ ስልክ፣ በራሱ ድምፅ።

ፎቶውን ቡድኑ ላይ መልሼ ለጠፍኩት። ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም። ቀድሞ የወደደው የአቶ ሙላት ስልክ ነው። በማን ጣት እንደሆነ መገመት እችላለሁ።

ባለቤቴ ዛሬ ምን አለች? ጥርሱን ትንሽ አስረዝመው አለች።


ጥር 13፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ሙቀት። የውሃ መስመሩ ንድፍ ለሰኞ ይደርሳል፣ አይደርስም፣ አላውቅም። አሥራ አራት ገጽ ሆኗል።

ሁለት ትእዛዝ ከአቦቦ። አንደኛ፣ እማማ ተዋበች የራሳቸው ገጽ ይፈልጋሉ። በካባ። በጥርስም። ደረጀ አያቴ አንድ ጥርስ ብቻ ነው ያላት፣ ሁለት ብትቀጥልላት አትቀየምም ይላል። ሁለተኛ፣ ከእናኑ ጎን ይሁን ብለዋል፤ እሷ ብቻዋን ከታየች ሰው ወሬ ያወራል ብለዋል።

ትናንት ላቦራቶሪ ሄጄ ፎቶ አነሣሁ። አሪየት ስለ አቦቦው ጉዳይ ከሰብለ ሰምታለች። እናንተ ደገኞች ይህን ነገር ከእንስራው ጋር በመኪና ጭናችሁ ነው ያመጣችሁት አለችኝ። እናንተስ የላችሁም ወይ አልኳት። አለን፣ የራሳችን አለ፣ ግን ላንተ አልነግርህም፣ ነገ አልበም ታደርገዋለህ አለች። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። አንዱ በሽተኛ ክንዱን እያጠፈ የኔንም ከቫምፓየሯ ጋር አንሣኝ አለ። አነሣሁት። ሌሎቹም ተሰለፉ። ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ፈገግ እያለ ክንዱን ያሳየኛል። ገጽ አሥራ አምስት።


ጥር 19፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ከጭፈራው ድምፄ ተዘግቷል። እግሬም ዝሏል። አጭር አደርገዋለሁ።

ድንኳን ሞልቶ ፈሰሰ። ትልቅ ቴሌቪዥን ከአንድ ሱቅ ተውሰን መድረኩ ጎን አቆምነው። መብራት ይጠፋል ብዬ ጀነሬተር አስጠግቼ ነበር፤ መብራት ሳይጠፋ ዋለ። ይህም ራሱ ዜና ነው።

ከምሳ በኋላ ገጾቹ ተራ በተራ። ሰብለ በድልድዩ ላይ። ፉጨት። የሰልፉ በሽተኞች፣ ክንዳቸውን ዘርግተው። ከመካከላቸው ሁለቱ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ፣ ተነሥተው እጅ ነሡ። የመቃብሩ ገጽ፤ አንድ ቄስ ጠጋ ብለው አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሳቁ። የነጭ ሽንኩርቱ ገጽ፤ ከወጥ ቤት በኩል አንዲት ሴት እኛስ ዛሬ አንድ ጆንያ ጨረስን፣ ማን ሊመጣብን አለች።

ከዚያ ሁለቱ አያቶች። ጎን ለጎን፣ ካባቸው ወለል እየነካ፣ ጥርሳቸው ወጥቶ። ከሰፈራው መንደር የመጡ ሽማግሎች ብዙ ነበሩ፤ ወሬውን ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ ያኔ ልጅ ሲሸፍኑ ነበር። ወደ እማማ ተዋበች ነበር ያዩት። እማማ ተዋበች ከወንበራቸው ሆነው ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ። የኔ ጥርስ ከሷ ይበልጣል አሉ። እናቴ ከጎናቸው ሆና ዕድሜሽም ይበልጣል አለች።

እልልታው አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ የነበሩ ባጃጆችን አስቆመ። አይቻለሁ።

አንድ የሰፈራው ሽማግሌ፣ እንስራ ገዝተው ያልከፈሉን ናቸው ብላ እናቴ ሁልጊዜ የምትምልባቸው፣ መጥተው ጉልበቷን ሳሙ። ደህና፣ ተነሣ አለቻቸው። ፊቷ ግን፣ ደብተር፣ ያን ፊት ፎቶ አላነሣሁትም። እጄ ላይ ካሜራ ነበር። ረሳሁት።

ሙሽሮቹ ዛሬ ጠዋት ወደ አቦቦ ሄዱ። ሰብለ የመቅጃ ቱቦውን ለማስታወሻ ይዛዋለች፤ ባዶውን።


ጥር 23፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አራት ሰው አልበም ሥራልኝ ብሏል። ሁሉም ጥርስ ይፈልጋል። አንዱ ለልደት።

ዛሬ ግን ሌላ ነገር ነው። እማማ ተዋበች ደወሉ፤ ራሳቸው፣ ደረጀ ስልኩን ይዞላቸው። የልጄን ገጽ ሥራልኝ አሉ። ያኔ የሞተውን። ፎቶውን ላኩልኝ አልኩ፣ ሳላስብ። ፎቶ የለውም አሉ። በዚያ ዓመት ፎቶ አንሺ መንደሩን አልረገጠም።

ምን ላድርግ ታዲያ አልኩ። ውሃ የሚጠጣባት ትንሽ ጽዋ ነበረችው አሉ፣ ሸክላ፣ ጆሮዋ አንድ፣ ከንፈሯ በአንድ በኩል ሾል ያለ፣ የእናኑ እጅ ሥራ ናት። ያለሷ አይጠጣም ነበር። ከሞተ በኋላ ሰበርኳት። መልኳን እናትህ ታውቃለች።

ላፕቶፑን ዘግቼ ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

ጆሮዋ በስተግራ ነበር አለች። ልጁ ግራኝ ነው።

ሥለሽ ታሳይኛለሽ፣ በኮምፒውተር አወጣዋለሁ አልኩ። እንደ ሞኝ አየችኝ። ጽዋ አይሣልም፣ ይሠራል፣ ሠርቼ ፎቶ ታነሣዋለህ አለች። እጅሽስ አልኩ፤ ጣቶቿ ከተጣመሙ ቆይተዋል። እጄን አንተ ምን አገባህ አለች። ከዚያ ሁለት ነው የምሠራው አለች። አበባም ፎቶ የላትም።

ሁለት ገጽ፣ ትይዩ። ጥቁር ወረቀት የለም፣ ጨረቃ የለም፣ ጥርስ የለም። ጽዋ በአንዱ፣ ጽዋ በሌላው። ከሥራቸው ስማቸውና «ሸክላ ሠሪ፦ እናኑ»። ይህን ወስኛለሁ። ቅጽ የሚያስሞላኝ መ/ቤትም ካሁን በኋላ ይህንኑ ነው የሚያገኘው።

ጭቃው ከባሮ ዳር ይወጣል። ውሃው አሁን ስለጎደለ ዳሩ ተገልጧል። የቱ ጭቃ እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ አሸዋማውን ይዘህ ትመጣለህ፣ ራሴ እሄዳለሁ ብላለች። ባጃጅ ነግሬያለሁ፤ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይበረታ። አካፋ ከጎረቤት ተውሻለሁ። ዱላዋን ትይዛለች። ጆንያ እኔ እይዛለሁ።